ውሃ የጠጣ አክሲዮን፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ስለ አክሲዮን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ካላቸው ሀብት በላይ አክሲዮን ስለሚያወጡ ኩባንያዎች ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለው አክሲዮን «ውሃ የገባበት አክሲዮን» ለምን ተባለ?

መልስ፦ ከከብት ገበያ የመጣ ነው። ነጋዴው ከብቱን ጨው ያስልሰዋል። የጠማው ከብት ውሃውን ይጨልጠዋል፤ ሆዱ ተነፍቶ ሚዛን ላይ ይወጣል። ገዢው ውሃውን በሥጋ ዋጋ ይገዛል። (ለበዓል በግ ገዝቶ የተሸወደ ሰው ይገባዋል።) በአሜሪካ ይህ የሚወራው በዳንኤል ድሩ ነው። ከብት ነጂ ነበር፤ በኋላ የኢሪ ባቡር ኩባንያ ገንዘብ ያዥ ሆነ። በ1868 እ.ኤ.አ. የባቡር ባለሀብቱ ቫንደርቢልት ኩባንያውን ለመጠቅለል አክሲዮን ሲሰበስብ፣ ድሩና አጋሮቹ ጄይ ጉልድና ጂም ፊስክ አዲስ አክሲዮን እያተሙ ለገበያ አቀረቡለት። እሱ ሲገዛ እነሱ ሲያትሙ! ወረቀቱ በቀናት ሲበዛ ሐዲዱ ግን ያው ነበር።

ጥያቄ፦ የታወቀ ኩባንያም እንዲህ ያደርጋል?

መልስ፦ እንዴታ። በ1901 እ.ኤ.አ. የባንክ ባለሀብቱ ጄ.ፒ. ሞርጋን ያቋቋመው የአሜሪካ ብረት አምራች ዩ.ኤስ. ስቲል 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አክሲዮንና ቦንድ (የብድር ሰነድ) አወጣ። በኋላ የመንግሥት መርማሪዎች የሚጨበጠውን ንብረት ሲገምቱ 682 ሚሊዮን ሆነ። በ1904 የ100 ዶላሩ ተራ አክሲዮን ከ9 ዶላር በታች ወረደ። ኩባንያው ግን አተረፈ፣ ትርፉንም መልሶ ፋብሪካ ላይ አዋለ፤ ውሃው ቀስ በቀስ ብረት ሆነ። በ1904 ተስፋ ቆርጦ ለሸጠ ሰው ግን ይሄ ምኑም አይደለም።

ጥያቄ፦ ካፒታል ያሳደገ ሁሉ ውሃ ጨመረ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በአዲሱ አክሲዮን ልክ ጥሬ ገንዘብ ከገባ ችግር የለም። ጣጣው ያለው በዓይነት መዋጮ ላይ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ ዕቃ ወይም ንብረት ሰጥቶ አክሲዮን ሲወሰድ ማለት ነው። እናንተ 10,000 አክሲዮን በ1,000 ብር ገዛችሁ እንበል፤ 10 ሚሊዮን ብር። የኩባንያው አደራጅ ደግሞ 2 ሚሊዮን የሚያወጣ አሮጌ ማሽን «10 ሚሊዮን ነው» ብሎ ሌላ 10,000 አክሲዮን ወሰደ። አሁን ያለው ሀብት 12 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 20,000። የእናንተ 1,000 ብር 600 ሆነች። ማንም ኪሳችሁ አልገባም፣ 400 ብር ግን ሄዷል።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ?

መልስ፦ የንግድ ሕጉ የዓይነት መዋጮ በባለሙያ እንዲገመት ያዛል። ስለዚህ አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት የግምቱን ሪፖርት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሻጩ አላሳይም ካለስ?

መልስ፦ ብርህን ይዘህ ውጣ።