የአንባብያን ጥያቄ፦ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ቀበሌ ነው። የታላቅ እህቴ ሁለቱም እግሮች ካበጡ ዓመታት አልፈዋል፤ የአካባቢው ሰው ሕመሙን ዝሆኔ ይለዋል። ባለፈው ጥር ለልጇ ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሰዎች «በዘር የሚሄድ በሽታ ነው» ብለው ቀሩ። ጎረቤቶቿም ይተላለፍብናል በማለት አብረዋት ቡና መጠጣት ትተዋል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው» ሲባል በሬዲዮ እንደሰማ ነገረን። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ዘመድዎ የሰሙት ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የተነገረው ስለ እህትዎ ሕመም ላይሆን ይችላል። ዝሆኔ በሚለው አንድ ስም ቢያንስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይጠራሉ። አንደኛውን የሚያመጣው ተሐዋሲ ነው፤ በሌላው መነሻ ላይ ግን ምንም ዓይነት ተሐዋሲ የለም። ሁለቱም የሚጎዱት የሊምፍ ሥርዓትን ስለሆነ ለዓይን ይመሳሰላሉ።

ከደም ሥሮች ሾልኮ በሥጋ መካከል የሚቀረውን ፈሳሽ ሰብስበው ወደ ደም ዝውውር የሚመልሱት ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው። በመንገዳቸው ላይ፣ ለምሳሌ በብሽሽት፣ ፈሳሹን የሚያጣሩ ዕጢዎች አሉ፤ እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ ንፍፊት የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። እነዚህ ቧንቧዎች ሲበላሹ ወይም ሲዘጉ ፈሳሹ መውጫ እንዳጣ የመስኖ ውኃ እዚያው ይተኛል፤ ውሎ አድሮም ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠጥራል፣ ኪንታሮት የሚመስሉ እባጮችንም ያወጣል።

በትንኝ የሚተላለፈውን በሽታ የሚያመጣው ዉቸሬሪያ ባንክሮፍቲ የተባለ ክር መሰል ትል ነው። ትንኟ በምትነክስበት ጊዜ ቆዳ ላይ የምትተወው እጭ ወደ ውስጥ ዘልቆ በሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ያድጋል፤ የጎለመሰው ትልም እዚያው ለዓመታት እየኖረ ቧንቧውን ከመለጠጡና ከማበላሸቱ በላይ በዓይን የማይታዩ ብዙ ልጆች ይወልዳል። ልጆቹ ወደ ደም የሚወጡት በአብዛኛው በሌሊት ስለሆነ ቀድሞ የደም ናሙና የሚወሰደው በእኩለ ሌሊት ገደማ ነበር። ዛሬ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በቀን መለየት የሚያስችል ፈጣን መመርመሪያ አለ። ይህ በሽታ በአገራችን የሚታየው በአብዛኛው እንደ ጋምቤላ ባሉ ሞቃታማ ቆላዎች ነው።

ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ እርስዎ የሚኖሩበትን አካባቢ የመሰለ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ዝሆኔ ሲባል ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው። የሚገኘው ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ፣ ብዙ ዝናብ በሚጥልበትና ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት አገር ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲኬድ እጅግ ደቃቅ የሆነ የማዕድን ብናኝ በቆዳ ውስጥ ያልፋል። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ብናኙን እንደ ጀርም ቆጥረው ይውጡታል፤ ነገር ግን ማዕድን ነውና ሊፈጩት አይችሉም፤ ስለዚህ በቧንቧዎቹ ውስጥ የማያባራ ብግነት ይነሣል፣ ብግነቱም ጠባሳ ሠርቶ ቧንቧውን ይዘጋል። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የታማሚዎችን የብሽሽት ዕጢ በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ብናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ተገምቷል።

በደብዳቤ ሰው መመርመር ባይቻልም መለያዎቹን መናገር ይቻላል። ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣቶች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው፤ አንዱ እግር ከሌላው ቢብስም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይይዛል። ትሉ የሚያመጣው እብጠት ግን በአንድ እግር በኩል ማመዘን ይወዳል፤ ብሽሽትን ይነካል፣ በወንዶች ላይም ቆለጥ ውኃ እንዲቋጥር ያደርጋል። እህትዎ በእግራቸው ንክኪና ሙቀት የሚሰማቸው ከሆነ፣ ብዙዎች የሚፈሩት የሥጋ ደዌ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው፤ የሥጋ ደዌ ስሜትን ያደነዝዛል። ቢሆንም በጤና ጣቢያ መታየታቸውን አጥብቀን እንመክራለን፤ ሕክምናው እንደ መንስኤው ይለያያልና።

ወደ ጎረቤቶቹ እንመለስ። የእህትዎ ሕመም ፖዶኮኒዮሲስ ከሆነ በስኒ፣ በመኝታ፣ በንክኪም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ የሚተላለፍ ነገር በውስጡ የለምና። በትል የሚመጣውም ቢሆን ያለ ትንኝ ከሰው ወደ ሰው አይሻገርም። ቡናውን ያስቀረው ፍርሃት እንጂ በሽታው አይደለም።

ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ነገር ግን ትንሽ እውነት አለበት፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ፣ በወላይታ በተደረገ ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ጂኖች ለዚህ ሕመም ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ ታይቷል። አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ጫማ ያደረገች ልጅ፣ የእናቷን ጂን ብትወርስም እንኳ፣ አፈሩ እግሯን ካላገኘው አትታመምም። በሰሜን አፍሪካ አገሮች ይህ በሽታ የጠፋው ሰው ጫማ ማድረግ በመልመዱ ነው፤ መድኃኒትም ክትባትም አልነበረም።

ጀርም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ያበጠው እግር ቆዳ ይሰነጠቃል፣ በጣቶቹ መካከል ይላጣል፤ በዚያ በኩል ባክቴሪያ ሲገባ እግሩ በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። አንዳንዱ ምች መታኝ ብሎ ቅጠል ይቀቅላል። ታማሚውን ለቀናት ከሥራ የሚያስቀረውና እብጠቱን ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚያብሰው ይህ ነው፤ መከላከያውም ቀላል ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ባለሙያ በሚነግረው መጠን በብዙ ውኃ በተበረዘ በረኪና መዘፍዘፍ፣ የጣቶቹን መካከል ጨምሮ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ የትኩሳቱን ምልልስ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ጥያቄ፦ ጋምቤላ ነው የምኖረው። በየዓመቱ ለዝሆኔ መከላከያ ተብሎ ክኒን ይታደለናል። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ ራሴን ያመኛል። ብተወውስ?

መልስ፦ ባይተዉት ይሻላል። ትሉ ምንም ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ትንኝ ከእርስዎ ደም የቀዳችውን ለሌላው ታደርሳለች። የሚታደሉት አይቨርሜክቲንና አልበንዳዞል በደም ውስጥ ያሉትን የትሉን ልጆች ይገድላሉ፤ ወላጁን ትል ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም። መድኃኒቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመታት፣ ከነዋሪው ቢያንስ 65 በመቶ ለሚሆነው መዳረስ ያለበት ለዚህ ነው። ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከትሎቹ መሞት ሲሆን በቀናት ውስጥ ያልፋል፤ ከበረታ ለጤና ሠራተኛው ይንገሩ። ነፍሰ ጡሮች፣ በጠና የታመሙ ሰዎችና ቁመታቸው ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃናት ግን አይወስዱትም፤ ልጆችን በእንጨት የሚለኩትም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ እግሬ ማበጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ጫማ ባደርግ ይመለሳል?

መልስ፦ እብጠቱ ሌሊት ተኝተው ሲያድሩ የሚቀንስ፣ ሲጫኑትም የሚሰረጉድ ከሆነ ተስፋው ትልቅ ነው። በሁለተኛው የእግር ጣትዎ ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ለማንሳት ይሞክሩ፤ እምቢ ካለ ቆዳው መወፈር ጀምሯል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን እጥበቱ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፉና ባለሙያ የሚያሳይዎት የፋሻ አጠቃቀም ይቀንሰዋል፤ ጫማ የማያስገቡ ጠጣር እባጮች በቀዶ ሕክምና ይወገዳሉ። ጫማው ግን ሸበጥ አይሁን፤ አፈሩን ከነጭቃው ያስገባል። ብዙ ገበሬ ገበያ ሲሄድ ተጫምቶ እርሻ ሲገባ ያወልቃል፤ ጫማው በይበልጥ የሚያስፈልገው ግን እርሻው ላይ ነው።