በሁለት ፕሮሰሶች መካከል የሚጋራ ሚውቴክስ፦ ሎኩን የያዘው ሲሞት

ሰላም ለጠያቂያችን። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች በሼርድ ሜሞሪ (ሁለቱም በሚያዩት የጋራ የሜሞሪ ክፍል) ውስጥ ያለ አንድ ሚውቴክስ፣ ማለትም የጋራውን ዳታ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲነካ የሚያደርግ መቆለፊያ (ሎክ)፣ ይጋራሉ፤ አንደኛው በድንገት ሲገደል ሌላው ሎኩን እየጠበቀ ተገትሮ ይቀራል። ሚውቴክሱን ከአንድ በላይ ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) እንዲጋሩት የሚፈቅደውን የፕሮሰስ ሼርድ ምርጫ ማብራት ይበቃ እንደሆነም ጠይቀዋል። ምርጫው ግዴታ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሚውቴክስ በመሠረቱ ሜሞሪ ላይ የተቀመጠ ቁጥር ነው። ተሻሚ ከሌለ ቁጥሩ በአቶሚክ (መሐል ላይ በማይቋረጥ) ትእዛዝ ይቀየርና ነገሩ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል። ተሻሚ ሲኖር ግን ጠባቂው ትሬድ (በፕሮሰሱ ውስጥ ያለ የሥራ ክር) በፊውቴክስ (ጠባቂን በሚያስተኛና በሚያነቃ የከርነል ጥሪ) አማካይነት ከርነሉ ውስጥ ይተኛል። ምርጫው ካልበራ ከርነሉ የተኛውን የሚመዘግበው በዚያው ፕሮሰስ የራሱ አድራሻ ስለሆነ፣ ከሌላው ፕሮሰስ የሚላከው ማንቂያ አያገኘውም። ስለዚህ ሽሚያ በማይበዛበት የሙከራ ማሽን ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ሥራ ሲበረታ ነው።

የእርስዎ ችግር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሎኩን የያዘው ፕሮሰስ ሌሎቹ በሕይወት እያሉ ብቻውን ሊሞት ይችላል፤ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ ራሱ ይገድለዋል፣ ፕሮሰስን ወዲያው የሚገድለው ሲግናል 9 ደግሞ ለማጽጃ ኮድ ፋታ አይሰጥም። ለዚህ ሲባል የ2008ቱ የፖዚክስ ደረጃ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ መመዘኛ) ሮበስት ሚውቴክስን አካትቷል። ሚውቴክሱ ሲፈጠር ሮበስት ከተደረገ፣ ያዡ ሲሞት ቀጣዩ ጠያቂ ሎኩን ይረከባል፤ የሚመለስለት ዋጋ ግን ዜሮ ሳይሆን «ኢኦነርዴድ» (EOWNERDEAD፣ «ባለቤቱ ሞቷል») ነው። ይህን መልስ እንደ ማንኛውም ስህተት ቆጥሮ የሚመለስ ኮድ ደጋግሞ አጋጥሞኛል፤ ትርጉሙ ግን ሎኩ እጅዎ ገብቷል፣ ዳታው ግን ግማሹ ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዳታውን አስተካክለው ሚውቴክሱን «ኮንሲስተንት» በሚለው ጥሪ ካላረጋገጡ በቀር፣ ሎኩን ሲለቁት እንደገና እስኪፈጠር ድረስ ለማንም አያገለግልም።

እንግዲህ ዋናው የዲዛይን ጥያቄ ዳታው በምን ይጠገናል የሚለው ነው። አንድ ፕሮግራም የመሣሪያ ንባብ እየጻፈ ሌሎች በሚያነቡበት ሥራ ላይ የረዳን ዘዴ ሁለት የመዝገብ ቦታዎችን ማዘጋጀት ነበር፦ ጸሐፊው አዲሱን ንባብ አገልግሎት ላይ በሌለው ቦታ ሙሉ በሙሉ ይጽፋል፣ በመጨረሻ የትኛው ቦታ እንደሚነበብ የሚያመለክተውን አንድ ቁጥር ብቻ ይቀይራል። በየትኛውም ቅጽበት ቢሞት ቁጥሩ የሚያመለክተው ሙሉ መዝገብ ስለሆነ፣ ተረካቢው የሚጠግነው ነገር አይኖርም።

ሮበስት የሚለው ዋስትና ለሚውቴክስ እንጂ ለኮንዲሽን ቫሪያብልም (አንድ ሁኔታ እስኪሟላ የሚጠበቅበት መሣሪያ) ሆነ ለሴማፎር (በቁጥር የተወሰነ ፈቃድ የሚሰጥ መሣሪያ) አይሠራም፤ ሴማፎር ባለቤት ስለሌለው የሞተው የወሰደውን የሚመልስ የለም። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ሲጠብቁ የጊዜ ገደብ ያለውን ጥሪ ይጠቀሙ። በሼርድ ሜሞሪ ውስጥ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የያዘ ዋጋ) አያስቀምጡ፤ በየፕሮሰሱ አድራሻው ሊለያይ ስለሚችል ከመነሻው ያለውን ርቀት ይመዝግቡ። ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ፕሮግራሞችን አንድ ሚውቴክስ ማጋራትም አይሞክሩ፤ በኢንቴል ማሽን ላይ የጂሊብሲ (የሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ሚውቴክስ በባለ 32 ቢቱ 24፣ በባለ 64 ቢቱ 40 ባይት ነው።

ኮዱን ከማስረከብዎ በፊት ጸሐፊው ሎኩን እንደያዘ ለጥቂት ሰከንዶች እንዲተኛ ያድርጉና በዚያ መሐል በሲግናል 9 ይግደሉት፤ አንባቢው «ኢኦነርዴድ» ተቀብሎ ሥራውን መቀጠል አለበት።