ደናሊን በጋይድ ለመውጣት ላሰብሽው እህቴ

«ራስ ዳሽንንና ኪሊማንጃሮን ወጥቻለሁ። ቀጥሎ ደናሊን በጋይድ ልሞክር አስቤያለሁ፤ ይከብደኝ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው።

መጀመሪያ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ ጫፉን አልረገጥኩትም። ተራራው አሜሪካ፣ አላስካ ውስጥ ነው፤ ቁመቱ 6,190 ሜትር፤ እኔ የመጨረሻው ካምፕ፣ 5,240 ሜትር አካባቢ ደርሼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ መልሴን እንደ ግማሽ ባለሙያ ቃል ውሰጂው።

እግርሽ አያሳስበኝም። ግን ኪሊማንጃሮ ላይ ድንኳንሽን ማን ተከለልሽ? ሻንጣሽን ማን ተሸከመልሽ? ራስ ዳሽንም ቢሆን በቅሎ አለ። ደናሊ ላይ በቅሎም የለ፣ ተሸካሚም የለ። ጋይዱ መንገድ ይመራል፣ ይወስናል፣ ምግብ ያበስላል። ዕቃሽ ግን ያንቺው ነው።

ታልኪትና ከምትባለው የአላስካ ከተማ የምትነሳው ትንሽ አውሮፕላን 2,200 ሜትር ላይ፣ ካሂልትና የበረዶ ግግር ላይ አውርዳሽ ትሄዳለች። የሦስት ሳምንት ምግብና ነዳጅ ለሁሉም ይከፋፈላል። የኔ ድርሻ ከ50 ኪሎ በላይ ነበር፤ ከፊሉ ጀርባዬ ላይ፣ ከፊሉ ስሌድ ላይ። ስሌድ በረዶ ላይ በገመድ የምትጎተት፣ የልጆች መጫወቻ የምትመስል ፕላስቲክ ናት። ሜዳ ላይ እንደ ጨዋ በግ ትከተልሻለች። ተዳፋቱን አግድም ስትሄጂ ግን ትገለበጥና ወደ ገደሉ ትጎትትሻለች። ቁልቁል ስትወርጂ ደግሞ ተረከዝሽን ትወቅርሻለች። በሕይወቴ እንደሷ የሰደብኩት ነገር የለም።

ከፍ እያልሽ ስትሄጂ አብዛኛውን መንገድ ሁለት ጊዜ ነው የምትወጪው። ዛሬ ምግብ ተሸክመሽ ወጥተሽ ትቀብሪና ወርደሽ ታድሪያለሽ፤ በሌላ ቀን ካምፑን ነቅለሽ ትወጫለሽ። ሰውነትም በዚያው ከፍታውን ይለምዳል። ጉድጓዱን አንድ ሜትር ያህል ካላጠለቅሽው ቁራ ቆፍሮ ያወጣዋል። አዎ፣ ቁራ! ካምፕ ስትደርሺም «ደከመኝ» ብሎ ነገር የለም። በረዶ በመጋዝ እየቆረጥሽ እንደ ብሎኬት እየደረደርሽ ለድንኳኑ የነፋስ መከለያ ትሠሪያለሽ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። 4,100 ሜትር አካባቢ ዊንዲ ኮርነር የሚባል መታጠፊያ አለ። ስሙ ነፋሻማው ጥግ ማለት ነው፤ ስም አውጪው አልዋሸም። እዚያ ላይ የክራምፖኔ፣ ማለትም በረዶ እንዲቆነጥጥ ጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ፣ ማሰሪያው ላላ። ትልቁን ጓንት አውልቄ በስሱ ጓንት ላጠብቀው ታገልኩ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። የሁለት ጣቶቼ ጫፍ እንደ ሻማ ነጣ። ጋይዱ ምንም ሳይናገር እጄን ያዘና ጃኬቱን ከፍቶ ብብቱ ሥር ወሸቀው። ደሙ ሲመለስ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጣቶቼ ተርፈዋል፤ ግን ለሁለት ወር ያህል ሸሚዝ ስቆልፍ ቁልፉ አይሰማኝም ነበር። የሚያበሳጨው፣ ማሰሪያው መላላቱን ቀደም ብሎ እረፍት ላይ አይቼው «ይሁን፣ ይደርሳል» ብዬ ማለፌ ነው።

ስለዚህ ከወዲሁ ወፍራም ጓንት አድርገሽ ሁሉንም ነገር ተለማመጂ። ክራምፖን ማሰር፣ ዚፕ መክፈት፣ ገመድ መቋጠር። ማታ ድንኳን ውስጥ በጠርሙስ መሽናትንም ጭምር፤ አትሳቂ። አብራን የነበረች ሴት ቤቷ ሆና ባትለማመድ ኖሮ ጉድ ይፈላባት እንደነበር ነግራኛለች።

ለጉልበት ጎማ ጎትቺ። እኔ ሲያትል ነው የምኖረው። የመኪና ጎማ ወገቤ ላይ አስሬ ፓርክ ውስጥ ስጎትት አንዲት ሐበሻ እናት ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ የፈረደብህ?» አሉኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሬኒየርን፣ 4,392 ሜትሩን፣ በጋይድ ወጥቼ ነበር። ክራምፖንና ገመድ የማታውቂ ከሆነ አንቺም እንደዚያ ካለ ተራራ ጀምሪ።

ምግብ? ጉዞዬ የዋለው የሰኔ ጾም ላይ ነበር፤ የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ጭኮ ይዤ ሄድኩ። ድንጋይ ሆነና ጥርሴን ሊያወልቀው ነበር። ቆሎ ግን ውርጭ ምንም አያደርገውም። በሶም በሙቅ ውሃ ግሩም ነው።

የመጨረሻው ካምፕ ላይ አራት ቀን ነፋስ አግቶ አስቀመጠን። ከላይ ደናሊ ፓስ በሚባለው የተራራው ማለፊያ ላይ በረዶው እንደ ጭስ ሲግተለተል ይታያል። ወደዚያ የሚያወጣውን ተዳፋት አውቶባን ይሉታል። ብዙ ሰው የተንሸራተተው እዚያ ነው፤ ደክሞ ሲወርድ። በአራተኛው ቀን ምግቡ ተቆጠረ፤ ጋይዱ እንወርዳለን አለ። አንዱ «ስንት ከፍዬ!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ አብሬው ጮኬ ነበር። ሲያትል ገብቼ ጣቶቼን ሳያቸው ነው የተረጋጋሁት።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ለአየር ጠባይ ስንት ትርፍ ቀን እንደያዙ ጠይቂ። አንድ ጋይድ ለስንት ሰው እንደሆነም ጠይቂ፤ አንዱ ታሞ ሲወርድ ጋይድ ይዞ ነው የሚወርደው፣ የቀራችሁት ትጎዳላችሁ። የደናሊ ብሔራዊ ፓርክ ፈቃድ የሰጣቸው ድርጅቶች ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ ውጪ ካለ ጋር እንዳትዋዋዪ።

ጎማዬን ባውስሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለመጪው ሰኔ ግን እኔው እፈልገዋለሁ።