መልስ፦ ቫን ጉጃሮች ከጫካው ካልወጡ ዝሆኑ አይተርፍም ወይ?

ወንድሜ፣ «ራጃጂ ፓርክ ውስጥ የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ካልወጡ ዝሆኑም ታይገሩም ያልቃል፤ የመሬት መብት የሚባለው ከየት መጣ?» ብለሃል። አርብቶ አደሮቹ ቫን ጉጃሮች ናቸው፤ ፓርኩም ሰሜን ሕንድ ውስጥ፣ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ ነው።

መብቱ የመጣው ከሕግ ነው። የሕንድ ፓርላማ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን መብት ሕግ፣ ሦስት ትውልድ (75 ዓመት) በደን ውስጥ ኖሮ ከደን የሚተዳደር ሰው የግጦሽ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ዘላን አርብቶ አደሮችንም በስም ይጠቅሳል። ለአውሬ ሲባል እንኳ ሰው የሚነሳው መጀመሪያ መብቱ ታውቆለት፣ የመንደሩ ጉባኤም በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በየወቅቱ ከቦታ ቦታ የሚጓዝ ቤተሰብ የ75 ዓመት ወረቀት ከየት ያምጣ? ብዙዎቹ በእጃቸው ያለው በአባት ወይም በአያት ስም የተሰጠ የግጦሽ ፈቃድ ነው።

አሁን ወደ ጫካው። ቫን ጉጃሮች የሚኖሩት በሚያረቧቸው የቤት ጎሾች ወተት ነው። በብርዱ ወራት ቆላው ጫካ ውስጥ ናቸው፤ ሰውየው ማጭዱን ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣና ቅጠላም ቅርንጫፍ እየመለመለ ይጥላል፣ ጎሾቹ ከሥር ይበላሉ። ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ሂማላያ የግጦሽ መስኮች ይወጣሉ፤ ዝናቡ ሲመጣ የተመለመለው ዛፍ ያቆጠቁጣል። መስከረም ጥቅምት ላይ ይመለሳሉ።

ምልመላው ሲበዛ ዛፍ እንደሚጎዳ አልክድም። ግን ላይኛውን መንገድ ዘግተህባቸው ዓመቱን ሙሉ ቆላ ካስቀመጥካቸው ዛፉ መቼ ያርፋል? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ጉዞውን ከልክሎ ጉዳቱን በእነሱ ላይ ማላከክ።