ሦስተኛ ቱርቦ ከመግዛትህ በፊት

ከባሕር ዳር የተላከልኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

“ጋሼ፣ መኪናዬ ላንድክሩዘር 80 ነው። ሞተሩ 1ኤችዲ-ቲ፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። የፋብሪካውን ሲቲ26 ቱርቦ አስወርጄ ከፍ ያለ አስገጠምኩ። ጉልበቱ ሌላ መኪና ሆኗል። ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ትንሽ ቆይቼ ስነሳ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። የነዳጅ ሰልፍ ላይ ከቆየሁማ ከኋላዬ ያለው ሰው አይታየኝም። መንገድ ላይ ስሄድ ይጠፋል። ከቱርቦው የሚወጣው ማኒኮቶ (የአየር ጎማው) ውስጡ ዘይት ነው። ጋራዥ ስወስደው የቱርቦው ፓራዎሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማው) ሄዷል ብለው ውስጡን ሙሉ ቀየሩት። ብዙም ሳይቆይ ጭሱ ተመለሰ። ከዚያ የዘይት መግቢያውን አጠበቡት፤ ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ አሁን ደግሞ ያፏጫል። ሌላ ቱርቦ ልግዛ? ጌጁ 1.2 ባር ያሳያል፤ እሱስ ይበዛል ወይ?”

አትግዛ ወንድሜ። ቱርቦ ማለት በጭስ ማውጫው ጋዝ እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚያምቅ ዕቃ ነው። ግምቴን ላስቀድም፦ ችግሩ ያለው ዘይቱ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚመለስበት መስመር ላይ ነው። ይህን የሚነግረኝ ጭሱ የሚመጣበት ሰዓት ነው። የፒስተን ፋሻው (ፒስተኑ ላይ ያለው የብረት ቀለበት) ያለቀበት ሞተር ጭነት ሲበዛበትና ዳገት ላይ ነው የሚብስበት። ያንተ ግን ቆሞ ያጠራቅማል፣ ሲነሳ ያቃጥላል፣ ሲሄድ ይጠራል። የላክልኝ ፎቶም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ከቱርቦው ሥር የወጣው ጥቁር ጎማ መጀመሪያ ወደ ጎን ይሄዳል፣ መሃል ላይ ሆዱን ጥሎ ይረግባል፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ለመግባት ተመልሶ ይወጣል። ፋሼታው (የጎማው ማሰሪያ) ያለ ልክ ጠብቆ ጎማውን ቆንጥጦታል። ፍላንጁ (ቱቦው ቱርቦው ላይ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት) ዙሪያ ቀይ ሲሊኮን ተርፎ ወጥቷል። ወደ ውጭ ያን ያህል ከወጣ ወደ ውስጥም ያን ያህል ገብቷል ማለት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር። ማኒኮቶው ውስጥ ዘይት አለ ብለሃል። ናፍጣ ሞተር ያንን ዘይት እንደ ነዳጅ ይጠጣዋል። በብዛት ከገባበት ራሱን ችሎ ይነሳል፤ ዙሩ ይጨምራል፣ ቁልፍ ብታጠፋም አይጠፋም፣ እስኪሰበር ይሮጣል። ዋናው ማቆሚያው አየር መከልከል ነው። ስለዚህ ይህን መኪና ስታስነሳ ከአየር መግቢያው የሚሰፋ ወፍራም ሳንቃ አጠገብህ ይኑር፤ አንድ ሰውም ሳንቃውን ይዞ ይቁም። በእጅ አይሆንም፣ በጨርቅም አይሆንም። ጨርቁን ስቦ ይውጠዋል፣ እጅንም አይምርም። መኪናው በእጅ የሚቀየር ማርሽ ከሆነ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሬን አጥብቀህ ይዘህ ፍሪሲዮን መልቀቅም ያቆመዋል።

አሁን ስለ ፓራዎሊዮው ትንሽ ልዘርዝር። ብዙ ሰው ቱርቦ በቱርቦ ላይ የሚገዛው ይህን ባለመረዳት ነው።

ጋራዡ የነገረህ ዓይነት ፓራዎሊዮ ቱርቦ ውስጥ የለም። ከንፈር ያለው ጎማ እዚያ አይኖርም፤ ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፣ ባንድ ጎኑ ደግሞ የጭስ ማውጫው እሳት አለ። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ የፒስተን ፋሻ ዓይነት ሆነው በጣም ያነሱ። ዋና ሥራቸው ጋዝና አየሩ ወደ ዘይቱ ክፍል እንዳይገባ መያዝ ነው። ዘይት የሚረጭበት ቦታ ላይ ይችላሉ። ዘይት የተኛበት ቦታ ላይ ግን አይችሉም፤ ለዚያም አልተሠሩም። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያደርገው የቱርቦው ሆድ ሁልጊዜ ባዶ መሆኑ ነው።

ዘይቱ ሲገባ በሞተሩ ፖምፓ ግፊት ነው የሚገባው። ቦኮላዎቹን (ዘንጉ ውስጣቸው የሚዞርባቸውን ቱቦ መሰል ብረቶች) ካለፈ በኋላ ግን ግፊት የሚባል ነገር የለውም። ዘንጉ ይመታዋል፣ ከአየር ጋር ይደባለቃል፣ አሁን እንደተቀዳ ቢራ አረፋ ሆኖ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። የሚገፋው የለም። አረፋ ደግሞ ከዘይት ይልቅ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለዚህ ነው መግቢያው ቀጭን ሆኖ መመለሻው ወፍራም የሚሆነው። መመለሻው ከጠበበ፣ ከታጠፈ፣ ከረገበ ወይም ሞተሩ ውስጥ ካለው የዘይት ደረጃ በታች ከገባ አረፋው መውረጃ ያጣል። የቱርቦው ሆድ ይሞላና ዘይቱ በቀለበቶቹ ጎን ይወጣል፤ ባንድ በኩል ወደ ማኒኮቶው፣ በሌላ በኩል ወደ ማርሚታው (ወደ ጭስ ማውጫው)።

ሚኒሞ ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ስትነዳ በዘንጉ ሁለት ጫፍ ካሉት የቱርቦው መንኮራኩሮች ጀርባ ያለው ግፊት ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሚኒሞ ላይ ያ ግፊት የለም፤ ዘይቱ ግን መምጣቱን አላቋረጠም። አዲስ ቱርቦ ብትገጥምበት፣ ውዱንም ቢሆን፣ ያው ነው የሚሆነው። የተቀየረልህ ዕቃ ምንም ላይሆን ይችላል።

መግቢያውን ያጠበበልህ ሰው ግን ጎድቶሃል። ዘይት በዛበት ብሎ የቱርቦውን እስትንፋስ ቀነሰ። ማጥበቢያ የሚፈልገው በኩሽኔታ የሚዞረው ቱርቦ ነው፤ እሱም 1 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ይበቃዋል። ያንተ የቦኮላ ነው። ቦኮላ የሚኖረው ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ ሲያጣ ብረት ለብረት ይገናኛል። ፉጨቱ ከዚያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። መግቢያው ላይ የገባችውን ማጥበቢያ ዛሬውኑ አውጣ።

ቱርቦውን አውርደው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በድጋፍ ላይ ቆሞ። ዘንጉን በጣትህ ወደ ጎንና ጎን አነቃንቀው። በቦኮላ የሚሠራ ቱርቦ ዘይት ሳይኖረው ትንሽ ይወዛወዛል፤ አያስደንግጥህ። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስትገፋው ግን መንቀሳቀሱ ሊሰማህ አይገባም። መንኮራኩሩ ቤቱን (ሽፋኑን) ከነካ ወይም ጫፉ ላይ የመፋቅ ምልክት ካለ ያኔ ውስጡ መቀየር አለበት። ከዚህ በመለስ ከሆነ አጥበህ መልሰው። ፉጨቱ ከላላ ማኒኮቶም ሊመጣ ይችላል፤ ፋሼታዎቹን አንድ በአንድ እይ።

ቱርቦው ጠረጴዛ ላይ እያለ የመካከለኛውን አካል አዙረህ አስተካክል። ትልቅ ቱርቦ ሲገጠም በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው። ሁለቱን ቤቶች የያዙትን ብሎኖች ስታላላ መሃሉ ይዞራል። የዘይት መግቢያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ መመለሻው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሁን። ቦታ ካጣህ ከቀጥታው እስከ 35 ዲግሪ ማዘንበል ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አይሆንም።

መመለሻውን እንዳለ ጣለው። ፎቶው ላይ ያለው የራዲያተር ጎማ ነው የሚመስለኝ። የራዲያተር ጎማ ለውኃ ነው የተሠራው፤ ዘይት ሲነካው ይነፋል፣ የሚነፋው ደግሞ ወደ ውስጥም ነው። ስትፈታው በቁመቱ ሰንጥቀህ ተመልከት። ውጪው አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ለስልሶና አብጦ ቀዳዳው ተውጦ ታገኘዋለህ። ርካሽ ጎማ ገዝቶ ውድ ቱርቦ ሥር ማሰር በጣም ነው የሚያናድደኝ። በምትኩ ውስጡ ከ16 ሚሊሜትር የማያንስ የብረት ቱቦ አስቀጥቅጥ። መሃሉ ላይ ብቻ፣ ለንቅናቄው፣ ዘይትና ሙቀት የሚችል አጭር ጎማ ይግባበት። መንገዱ በሙሉ ወደ ታች ይውረድ፤ የሚረግብ ቦታ አይኑረው። መጨረሻው ከዘይቱ ደረጃ በላይ ይግባ። ፍላንጁ ላይ ጓርኒሽን (የተቆረጠ ማሸጊያ) እንጂ ሲሊኮን አይደረግም፣ መግቢያውም ላይ አይደረግም። ተቆርሶ የገባ ሲሊኮን መመለሻውን ይዘጋል፤ መግቢያው ላይ ከሆነ ደግሞ ቱርቦውን ይገድላል።

የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦም ንፋ። እሱ ከተደፈነ ሞተሩ ውስጥ የታመቀው አየር በመመለሻው በኩል ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘይቱም ቢፈልግ አይወርድም።

ማኒኮቶዎቹንና ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ካለህ እሱን በደንብ አጥበህ አድርቃቸው። ሞተሩ ራሱን ችሎ እንዲነሳ የሚያደርገው እዚያ የተኛው ዘይት ነው። ሳታጥብ እንዳታስነሳ።

ስትመልሰው በመግቢያው ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት አፍስስና ዘንጉን በእጅህ አዙረው። ሞተሩ እንዳይነሳ የናፍጣ ማቋረጫውን ሶሌኖይድ ሽቦ ነቅለህ የዘይት ጌጁ እስኪነሳ ድረስ ቁልፍ እየሰጠህ በአጭር በአጭሩ አስጩኸው። ከዚያ ሽቦውን መልሰህ አስነሳ። ሳንቃውን የያዘ ሰው ቦታው ላይ ይቁም። ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሳትረግጥ ሚኒሞ ላይ ተወው።

ወዲያው ጭስ ብታይ ተስፋ አትቁረጥ። ማርሚታው የጠጣው ዘይት አለ፤ እሱ እስኪቃጠል ያጨሳል። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣ ብለህ ጥሩ አድርገህ አሙቀውና ተመለስ። ከዚያ 10 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ አቁመህ ተነሳ። ፈተናው ያ ነው።

ወደ ግፊቱ እንምጣ። 1.2 ባር ለእኛ አገር ይበዛል። ጌጁ የሚነግርህ ከውጪው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.81 ባር ገደማ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 1.01 ነው። እዚያ 1.2 ባር ለመስጠት ቱርቦው አየሩን 2.2 ጊዜ ያህል ያምቃል። እዚህ 2.5 ጊዜ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ 2,700 ሜትር ትደርሳለህ፤ ያኔ ከ2.6 ያልፋል። ጌጁ ያው 1.2 ይላል፣ ዘንጉ ግን ይበልጥ ይፈጥናል፣ አየሩም ይበልጥ ይግላል። እኔ ብሆን 0.9 ላይ አቆመዋለሁ።

አክቹዌተሩን (የቱርቦውን ግፊት የሚገድበውን ዕቃ) በእጅ ፓምፕና በጌጅ ፈትነው፤ የአክቹዌተሩ ዘንግ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ስንት ላይ እንደሆነ ጻፈው። ግፊት ለመቀነስ መቆለፊያ ዳዶዋን አላልተህ ዘንጉን በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር አስረዝመው፣ በየመሃሉ ነድተህ እየው። ስትሰካው ግን አሁንም 2 ሚሊሜትር ያህል መሳብ ይኑርበት። ያ ሳይቀር ግፊቱ ካልወረደ የአክቹዌተሩ ስፕሪንግ ጠንካራ ነውና እሱን ቀይር። ቧንቧውን መንቀል ወይም ማጠፍ ግን ማስተካከያ አይደለም፤ ቱርቦውን ያለ ልጓም መልቀቅ ነው።

ግፊቱ ሲቀንስ ናፍጣውም አብሮ መቀነስ አለበት፤ ጥቁር ጭስ ካየህ ናፍጣው በዝቷል። የናፍጣ ፖምፓው ራስ ላይ የምትሄደው የግፊት ቧንቧ አለመሰንጠቋን እይ። ከቱርቦው በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ግጠም፤ ረጅም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ። ማኒፎልዱን ስትበሳ ቱርቦው ወርዶ ይሁን፤ ቅንጣት ብረት መንኮራኩሩን ይበላዋል። የመጀመሪያዎቹ 1ኤችዲ-ቲ ሞተሮች ደግሞ የቢየላ ብሮንዚናቸው (የፒስተኑ ክንድ የሚዞርበት ማረፊያ ብረት) እንደሚያልቅ የታወቀ ነው። መቼ እንደተቀየረ ካላወቅህ ጉልበት ከመጨመርህ በፊት ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርደህ እየው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ጭሱ ካልጠፋ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተህ ገልብጠህ አፉ ላይ አስቀምጠው። እየዘለለ ከወደቀ ፋሻው ነው፤ ኮምፕሬሽን አስለካ። ዝም ብሎ ከተቀመጠ የአዲሱን መመለሻ ፎቶ ከጎንና ከሥር አንስተህ ላክልኝ። ያን ጊዜም ቢሆን ስታስነሳው ሳንቃው አይለይህ።