የዐይን ቆብ ሲወድቅ ብሌኑን ይዩ

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ከ3 ቀን በፊት ግራ ዐይናቸውን ዙሪያውን ሲያማቸው አድሮ ጠዋት ቆቡ ወደቀ። በጣት ሲያነሱት ሁሉም ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸዋል። ጎረቤት «ምች ነው» ይላል፤ የታዩበት ክሊኒክ ደግሞ «ከስኳሩ ነው፣ ይለቃቸዋል» ብሎ መለሳቸው። እንጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ከስኳሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን እንዲህ የሚባለው ሌላው ምክንያት ተፈትሾ ከወጣ በኋላ ነው።

ቆቡን የሚያነሣው ሦስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ወደ ዐይን ሲሄድ በአንድ የአንጎል ደም ስር አጠገብ ያልፋል። የደም ስሩ ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ፣ ሐኪሞች አኑሪዝም የሚሉት ማለት ነው፣ ነርቩን ይጫነዋል። ከፈነዳ ሊገድል ይችላል። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም የአንገት መገተር ከመጣ አንድ ሰዓትም አይቆዩ።

ብሌንን (የዐይን መሀል ላይ ያለውን ጥቁር ቀዳዳ) የሚያጠብቡት ክሮች ያሉት በነርቩ ላይኛ ገጽ ስለሆነ ከውጭ የሚጫን ነገር ቀድሞ የሚያገኘው እነሱን ነው። ስኳር የሚጎዳው መሀሉን የሚመግቡትን ቀጫጭን ደም ስሮች በመሆኑ ብሌኑ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቆቡን በጣት ያንሡና የስልክ መብራት ከጎን ያብሩ፤ ጥቁር ዐይን ላይ ብሌኑ ያለዚያ አይለይም። የግራው ሰፍቶ ከቀረ አደጋው ቅርብ ነው። እኩል ቢሆኑም አይዘናጉ፤ በተለይ ቆቡ በከፊል ብቻ ከወደቀ ብሌኑ ከቀናት በኋላ ሊሰፋ ይችላል። ሕመሙም አይለይም፣ የስኳሩም ያማል።

የሚያስፈልገው የአንጎል ደም ስር በመድኃኒት የሚታይበት ሲቲ አንጂዮግራፊ ነው። ተራው ሲቲ ያልፈነዳን ትንሽ እብጠት ሊስት ስለሚችል «ሲቲ ተነሥተው ነጻ ናቸው» ሲባሉ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከመግባቱ በፊትም የሁለቱ ስፋት በሚሊሜትር ይጻፍ፤ ከገባ በኋላ ምልክቱ ለሰዓታት ይጠፋል።

ምርመራው ነጻ ከሆነ ስኳርና ግፊቱን ማስተካከል፣ ቆቡ ሲከፈት ደግሞ አንዱን ዐይን በፋሻ መሸፈን ነው፤ ሁለት ማየቱ ይቆማል። አብዛኛው በ3 ወር ይመለሳል። ካልተመለሰ ምርመራው ከሥር ይደገም። ወደ ታች ሲያዩ የወደቀው ቆብ ወደ ላይ ከተነሣ ደግሞ ነርቩ መንገዱን ስቶ እየበቀለ ነው፤ የስኳር ጉዳት እንዲህ አያደርግምና ያኔም ይደገም።