ከበድ ላለ ሰው የሚሆን ድሮፐር

ወንድሜ፣ 120 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የትኛው ድሮፐር (እየነዱ ከፍና ዝቅ የሚደረግ የብስክሌት ኮርቻ ዘንግ) ይሻላል ብለሃል። ከብራንዱ በፊት ውፍረቱን እይ። ፍሬምህ ከተቀበለው 34.9 ሚሊሜትሩን ውሰድ፤ ከ30.9 እና ከ31.6 ይልቅ ጠንካራ ነው። አምራቹ የጻፈውን የክብደት ገደብ ስታነብ ልብስህንና የጀርባ ቦርሳህንም ደምር።

ኮርቻውን ወደ ኋላ አብዝተህ አትግፋው። እንደዚያ ስታደርግ ጫናው ዘንጉ ውስጥ ያሉት ቡሺንጎች (ዘንጉ የሚንሸራተትባቸው ቀለበቶች) ላይ ያርፋል፤ ኮርቻው መወላወል የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ዘንጉም ቢያንስ ላዩ ላይ እስከተሰመረው ዝቅተኛው የመግቢያ መስመር ድረስ ፍሬሙ ውስጥ መግባት አለበት፤ በዚህ ቀልድ የለም፣ ፍሬም ይሰነጠቃል።

እኔ ብሆን ካርትሪጁ (ኮርቻውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የውስጥ ክፍል) ለብቻው የሚቀየረውን እመርጣለሁ። ኮርቻው ከተቀመጥክበት ቀስ እያለ መስመጥ ሲጀምር ካርትሪጁን ብቻ ትቀይራለህ። ዘንጉ የሚገባበትን የፍሬምህን ቀዳዳ ስፋት ለክተህ ንገረኝ፣ አብረን እናያለን።